መርፌው ከሐኪም እጅ ወደ እኛ ጓዳ የመጣበት መንገድ



በጥቅምቱ ስብሰባችን ከአባላት አንዷ ተነሥታ «ሐኪሙ ኢንሱሊን ጀምሪ ብሎኛል፤ እኔ ግን ገላዬን በገዛ እጄ ከምወጋ ቢቀርብኝ ይሻላል» ስትል ቤቱ እንዴት ጸጥ እንዳለ ታስታውሳላችሁ። ጸጥ ያልነው ነገሩ እንግዳ ሆኖብን አይደለም። ከመካከላችን ቢያንስ አራታችን ያንኑ ቃል በሆዳችን ብለነዋል። እኔም ብያለሁ። ስምንት ዓመት ኪኒን ስውጥ ኖሬ ኪኒኑ አልበቃ ሲል መርፌ ታዘዘልኝ። ብልቃጡን በነጠላዬ ጫፍ ጠቅልዬ ቤት አስገባሁና ሦስት ሳምንት ሳልነካው ተቀመጥሁ። ያስቀመጥሁትም ፍሪጁ ውስጥ፣ በረዶ ቤቱ ላይ ነበር። በረዶ የሠራ ኢንሱሊን ቢቀልጥም ተመልሶ መድኃኒት አይሆንም፤ ይህን ያወቅሁት ገንዘቤ ከባከነ በኋላ ነው።

ያን ዕለት ለእኅታችን የምመልሰው አጣሁ። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን አንድ ጥያቄ አላስተኛ አለኝ። በሌላው በሽታ መርፌ የሚወጋን ባለሙያ ነው፤ ታዲያ የስኳር ሕመምተኛ ራሱን እንዲወጋ የተደረገው መቼ ነው? መርፌውንስ በእጁ ያስያዘው ማን ነው? ልጄ ያመጣችልኝን መጻሕፍት ሁለት ወር ሙሉ መነጽሬን እየወለወልሁ አነበብሁ። ያገኘሁትን እነሆ። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የእኛን ስጠቅስ እናገራለሁ።

ከመጻሕፍቱ በፊት ግን አክስቴን ላንሣ።

አክስቴ ደሴ ነበር የምትኖረው። በእኛ አቆጣጠር በ1970ዎቹ መጀመሪያ ስኳር ተገኘባትና ኢንሱሊን ታዘዘላት። የሚወጋት የሰፈሩ ድሬሰር ነበር። ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራው ሲሄድ ጎራ ይላል፤ የመስታወት መርፌውን በቆርቆሮ ሣጥን ይዞ መጥቶ፣ አክስቴ ከሰል ላይ በጣደችው ውኃ ይቀቅለዋል፤ ወግቷት፣ ቡናውን ፉት ብሎ ይሄዳል። ደግ ሰው ነበር፤ በዓል ቢሆን ዝናብ ቢሆን አይቀርም። አንድ ክረምት ግን እናቱ ሞተችበትና ለቀብር ወደ ወረኢሉ ሄደ። መንገዱ በጎርፍ ተቆርጦ አምስት ቀን ቆየ። በሁለተኛው ቀን አክስቴ ውኃ ውኃ ማለት ጀመረች። በሦስተኛው ያስመልሳት ጀመር። በአራተኛው ትንፋሿ እንደ በሰበሰ ፍሬ ሸትቶ፣ ነፍሷን ሳታውቅ፣ በአልጋ ተሸክመው ሆስፒታል አደረሷት። ያን ጊዜስ ተረፈች። እኔ የ14 ዓመት ልጅ ነበርሁ። እስከ ዛሬ ከዓይኔ የማይጠፋው ግን በሸክም መሄዷ አይደለም፤ ከግማሽ በላይ መድኃኒት እንደያዘ መደርደሪያው ላይ ተቀምጦ የነበረው ብልቃጥ ነው። መድኃኒቱ ቤት ውስጥ ነበር። የጠፋው እጅ ነው።

አሁን ወደ መጻሕፍቱ ልመለስ።

በንዴት ጊዜ «ቆሽቴ አረረ» እንላለን። አባቶቻችን ቆሽትን የንዴት ቤት አድርገው ቆጠሩት፤ ሐኪሞች ደግሞ ከጨጓራ ኋላ የተጋደመ፣ ኢንሱሊን የሚባለውን ነገር የሚሠራ አካል መሆኑን ነገሩን። ኢንሱሊን ማለት ከምግብ የምናገኘው ስኳር ከደም ወጥቶ ወደ ሰውነት እንዲገባ በር የሚከፍት ነው። በልጅነታቸው በሚታመሙት ላይ ቆሽት ኢንሱሊን መሥራቱን ጨርሶ ያቆማል ለማለት ይቻላል፤ እንደ እኔ በጉልምስና በያዘን ላይ ደግሞ በመጀመሪያ ሰውነት ለኢንሱሊኑ አልታዘዝ ይላል፣ ቆሽትም እየደከመ ይሄዳል። ያኔ ሰው እየበላ ይራባል፣ እየጠጣ ይጠማል። ሥጋው እየቀለጠ በሽንት ይወጣል።

እስከ 1921 ድረስ ለዚህ መድኃኒት አልነበረም። ስኳር የያዘው ልጅ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሁለት ዓመት በላይ አይቆይም ነበር። በአሜሪካ በጊዜው የታወቀው ሐኪም ፍሬዴሪክ አለን ያገኘው መላ ረኀብ ነው፤ ልጆቹን ለነፍሳቸው ያህል ብቻ እየመገቡ፣ ሞትን በወራት፣ ቢበዛ በዓመታት ማራቅ። እኛ ጾም እናውቃለን። ሁዳዴም ይሁን ረመዳን ግን ፍጻሜ አለው፤ ፋሲካ ይመጣል፣ ኢድ ይመጣል። የእነዚያ ልጆች ጾም መፍቻ አልነበረውም።

ከእነርሱ አንዷ ኤልሳቤጥ ሂውዝ ትባላለች። አባቷ ቻርልስ ኤቫንስ ሂውዝ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበሩ፤ ማዕረጋቸውም ሆነ ገንዘባቸው ለልጃቸው አንድ ቁራሽ እንጀራ ሊያስፈቅድላት አልቻለም። በ1919፣ የ11 ዓመት ልጅ ሳለች ነው በሽታው የያዛት። አንዳንድ ጊዜ ቀኑን ሙሉ የሚሰጣት ምግብ 400 ካሎሪ ብቻ ነበር። 15 ዓመት ሊሞላት ቀናት ሲቀሯት ክብደቷ 20 ኪሎ ያህል ነበር። ይህን ያነበብሁ ዕለት ጓዳ ገብቼ የጤፍ ከረጢታችንን ዓይቼ ተመለስሁ፤ ከልጅቷ ይከብዳል።

ኢንሱሊን የተገኘው በካናዳ፣ ቶሮንቶ ከተማ ነው። በ1921 ክረምት ፍሬዴሪክ ባንቲንግ የሚባል ወጣት ቀዶ ሐኪምና ረዳቱ ቻርልስ ቤስት፣ ፕሮፌሰር ማክሊዮድ በፈቀዱላቸው ቤተ ሙከራ ከውሾች ቆሽት ጭማቂ አውጥተው፣ ቆሽታቸው የወጣላቸውን ሌሎች ውሾች በዚያ ማቆየት ቻሉ። በጥር ወር 1922፣ በ11ኛው ቀን፣ በቶሮንቶ ጠቅላላ ሆስፒታል ሊዮናርድ ቶምሰን የሚባል 29 ኪሎ ያህል የሚመዝን ታዳጊ የመጀመሪያውን መርፌ ተወጋ። አልሠራም ማለት ይቻላል። ጭማቂው ያልጠራ፣ ወፍራምና ቡናማ ስለነበር የተወጋበት ቦታ አበጠ፣ ስኳሩም እዚህ ግባ በሚባል አልወረደም። ጄምስ ኮሊፕ የተባለ የኬሚስትሪ ሰው በአልኮል እያጣራ ሌት ተቀን ሠራና፣ በ23ኛው ቀን ሁለተኛው ሙከራ ተጀመረ። በዚህኛው ልጁ ዳነ። ዳነ ስል ግን በሽታው ለቀቀው ማለቴ አይደለም፤ 13 ዓመት ተጨማሪ ኖረ፤ በ1935 በሳምባ ምች ሞተ።

ባንቲንግና ማክሊዮድ በ1923 የኖቤል ሽልማት ወሰዱ፤ ባንቲንግ ገንዘቡን ከቤስት ጋር፣ ማክሊዮድም ከኮሊፕ ጋር ተካፈሉት። የፈጠራ መብቱ ደግሞ ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ በአንድ አንድ ዶላር ተሸጠ። (ዛሬ መድኃኒት ቤት ሄዳችሁ ዋጋ ስትጠይቁ ይህች አንድ ዶላር ትዝ ትበላችሁ፤ እኔን ትዝ ስትለኝ ቆሽቴ ያርራል።)

ብዙዎቹ መጻሕፍት ታሪኩን እዚህ ላይ ይጨርሱታል። ለእኔ ግን የጠየቅሁት ነገር የሚጀምረው እዚህ ነው። ኢንሱሊን ወባን እንደሚያጠፋ መድኃኒት አንድ ሳምንት ተወስዶ የሚቆም አይደለም። የያኔው ኢንሱሊን ሥራው ለጥቂት ሰዓት ብቻ ስለሆነ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ፣ አንዳንዴም አራት ጊዜ መወጋት ያስፈልግ ነበር፤ ዕድሜ ልክ። የቱ ሆስፒታል ነው ሰውን ዕድሜ ልክ የሚያስተኛው? ሚኒስትር የሆነ አባት ለልጁ ነርስ ሊቀጥር ይችላል። የአናጢው ልጅስ? ስለዚህ ሐኪሞቹ ፈለጉም አልፈለጉም መርፌውን ከእጃቸው መልቀቅ ነበረባቸው። እስከዚያ ጊዜ ድረስ የመርፌና የመድኃኒት መጠን ነገር የባለሙያ ብቻ ነበር። ሕመምተኛው፣ ይልቁንም ልጅና የቤት እመቤት፣ በየቀኑ መጠን ለክተው ራሳቸውን ይወጋሉ ብሎ ማሰብ ለብዙ ሐኪም ድፍረት ነበር።

ይህን በግልጽ ካዩት አንዱ የቦስተኑ ሐኪም ኤሊየት ጆስሊን ናቸው። ኢንሱሊን ሳይገኝ፣ በ1918፣ ለሐኪም ብቻ ሳይሆን ለሕመምተኛውም የሚሆን መመሪያ መጽሐፍ አሳትመው ነበር። በነሐሴ 1922 ኢንሱሊን እጃቸው ሲገባ መጀመሪያ የወጉት ማንን መሰላችሁ? ኤልሳቤጥ መጅ የምትባል ነርስ ነበረች። ከ70 ኪሎ ወደ 31 ኪሎ ወርዳ፣ ወራት ሙሉ ከቤቷ ሳትወጣ የቆየች ሴት ናት። በስድስት ሳምንት ውስጥ ከስድስት ኪሎ ሜትር በላይ በእግሯ ለመሄድ በቃች። ከዚያ በኋላ 25 ዓመት ገደማ ኖራለች። ነርስ ሆና ሌላውን ስትረዳ የኖረች ሴት መርፌው ወደ ራሷ ሲዞር ምን ተሰምቷት ይሆን እያልሁ ብዙ አሰብሁ።

ጆስሊን ሥራውን ብቻቸውን አልያዙትም። ነርሶችን አሠልጥነው በየቤቱ ላኩ። ተዘዋዋሪ ነርሶች ይባሉ ነበር። ነርሷ ከቤተሰቡ ጋር ትቀመጣለች፤ እናትየዋን ወይም ልጁን ራሱን መርፌ አያያዝ፣ ምግብ አመዛዘን፣ ሽንት ምርመራ ታስተምራለች፤ እነርሱ ሲችሉ ወደ ሚቀጥለው ቤት ትሄዳለች። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ጭማቂውን ያገኙት ወንዶች ናቸው፣ ሽልማቱንም ወሰዱ፤ ከሆስፒታል ወደ ጓዳ ያደረሱት ግን በአብዛኛው ሴቶች ናቸው፣ የስንቶቹ ስም በመጽሐፍ አለ? በዴንማርክም ነገሩ በሴት ነው የተጀመረው። ማሪ ክሮግ ራሷ ሐኪም፣ ራሷም የስኳር ሕመምተኛ ነበረች። ባሏ ኦገስት ክሮግ የኖቤል ተሸላሚ ነበርና በ1922 አሜሪካ ለንግግር ሲጋበዝ፣ የቶሮንቶን ወሬ የሰማችው ማሪ እዚያ ድረስ እንዲሄድ ገፋፋችው። ሄደ፤ ኢንሱሊን የመሥራት ፈቃድ ይዞ ተመለሰ። በዓለም ላይ ዛሬ ከሚሸጠው ኢንሱሊን ብዙው ምንጩ ከዚያ ጉዞ ነው።

አንድ ደግሞ ለእኛ ለማኅበርተኞች የሚሆን ነገር አለ። በማሳቹሴትስ፣ ኦክስፎርድ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ የአሜሪካ ቀይ መስቀልን የመሠረተችው የክላራ ባርተን የትውልድ ቤት ይገኛል። ቤቱን በ1921 የገዛው የአንድ ቤተ ክርስቲያን የሴቶች ማኅበር ነው። በ1932 ማኅበሩ ከጆስሊን ጋር ሆኖ ስኳር ላለባቸው ሴት ልጆች የክረምት ሰፈር ከፈተበት። በቤቷ «እኔ ብቻ ነኝ» ብላ የምታለቅስ ልጅ እዚያ ስትደርስ በጠዋት ተሰልፈው መርፌ የሚወጉ እኩዮቿን ታያለች። እናቷ ያላስቻለቻትን ነገር ጓደኛዋ ስታደርገው ዓይታ ታደርገዋለች። ይህን ሳነብ የጥቅምቱ ስብሰባችን ትዝ አለኝ፤ የምመልሰው ያጣሁት ለካ የሚነገር ሳይሆን የሚታይ ነገር ኖሮ ነው።

ያኔ ራስን መወጋት ዛሬ እንደምናውቀው ቀላል እንዳይመስላችሁ። መርፌው የመስታወት ነው፤ በየጊዜው በድስት ይቀቀላል፤ ቢወድቅ ይሰበራል። ብረቱ ወፍራምና ረጅም ነው፤ ሲደንዝ አይጣልም፣ እንደ ካራ በድንጋይ ይሳላል። ብዙ ቤት የመሳያው ድንጋይ ከመርፌው ጋር በአንድ ሣጥን ይቀመጥ ነበር። ስኳሩ ምን ያህል እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ የጣት ደም የሚያነብ ማሽን የለም። ሽንት በጠባብ ብርጭቆ ተደርጎ፣ ሰማያዊ መድኃኒት ተጨምሮበት፣ እሳት ላይ ይፈላል፤ ሰማያዊ ከቀረ ደኅና፣ አረንጓዴ ከሆነ ጥቂት ስኳር፣ እንደ ሸክላ ከቀላ ብዙ ስኳር። እንግዲህ ቁርስ ከመሥራቷ በፊት ይህን ሁሉ የምትሠራ እናት አስቡ።

ሌላም ጣጣ ነበር። ኢንሱሊኑ በተለያየ ጥንካሬ ይመጣል፤ በአንድ ሚሊ ሊትር 10 ዩኒት ያለው፣ 20 ያለው፣ 40 ያለው፣ 80 ያለው። በመርፌው ላይ ያለው መስመር አንድ ሆኖ ትርጉሙ ይለያያል። ተሳስተው እጥፉን የወሰዱ፣ ግማሹን የወሰዱ ብዙ ናቸው። ዛሬ በአብዛኛው ቦታ 100 ዩኒት ሆኗል፤ 40 ያለውም ግን አንዳንድ ስፍራ አልጠፋም። ስለዚህ ብልቃጡ ላይ 100 ተጽፎ ከሆነ ስሪንጁም ላይ 100 መጻፉን ሳታዩ አትቅዱ። ይህን ከታሪክ መካከል ማስገባቴን ይቅር በሉኝ፤ የእኛ ቤት ጉዳይ ነውና ነው።

በእንግሊዝ የመርፌው ነገር ወደ ማኅበር አመራ። ሮበርት ዳንኤል ሎረንስ የሚባል ወጣት ሐኪም በ1920 ስኳር ተገኘበት። እናቱ ዓይኗ እያየ እንዳይሞትባት ብሎ ወደ ጣሊያን፣ ፍሎረንስ ሄዶ እየሠራ ሞቱን ይጠባበቅ ነበር። በ1923 ጓደኛው ኢንሱሊን መገኘቱን በቴሌግራም ሲነግረው፣ በተዳከመ ሰውነቱ መኪና እየነዳ አውሮፓን አቋርጦ ለንደን ገባ፤ በግንቦት መጨረሻ ተወጋ። ከዚያ ዕድሜውን ሙሉ ሕመምተኛም ሐኪምም ሆኖ ኖረ። በ1925 ሰው ራሱን እንዴት እንደሚያክም መጽሐፍ ጻፈ። በ1934 ደግሞ፣ እርሱም ስኳር ከነበረበት ከደራሲው ኤች ጂ ዌልስ ጋር ሆኖ የስኳር ሕመምተኞችን ማኅበር አቋቋመ፤ ዓላማው ድኻም ቢሆን ማንም ኢንሱሊን እንዳያጣ፣ ሕመምተኞችም እርስ በርሳቸው እንዲማማሩ ነው። ለፈረንጅ አዲስ ነገር ሊሆን ይችላል፤ እድር ያሳደገን እኛ ግን ሐሳቡን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገንም።

ከሁሉ ይልቅ በልቤ የቀረችው ግን ኤቫ ሳክስል ናት። የፕራግ ልጅ፣ አይሁዳዊት ናት። ከናዚዎች ሸሽታ ከባሏ ከቪክቶር ጋር ቻይና፣ ሻንግሃይ ገባች። እዚያ ገና በወጣትነቷ ስኳር ያዛት። በ1941 መጨረሻ ጃፓኖች ከተማይቱን ሙሉ በሙሉ ሲይዙ መድኃኒት ቤቶች ተዘጉ፣ ኢንሱሊንም ጠፋ። ኤቫም ባሏም ኬሚስት አልነበሩም፤ እርሱ የጨርቃ ጨርቅ መሐንዲስ ነው። በእጃቸው የነበረው አንድ የሕክምና መጽሐፍ፣ አንድ ቻይናዊ ባለሙያ ያዋሳቸው ቤተ ሙከራና ከቄራ የሚገኝ የጎሽ ቆሽት ነው። ሞክረው ሞክረው ጭማቂ አወጡ። በጥንቸል ላይ ፈተኑት። በሰው ላይ መፈተን ሲገባ ግን ቀድማ የተወጋችው ኤቫ ራሷ ናት። ሳትሞት ቀረች፤ ከዚያ በከተማይቱ ለነበሩ በመቶዎች ለሚቆጠሩ ሕመምተኞች ኢንሱሊን እየሠሩ አዳረሱ። ጦርነቱ አልቆ አሜሪካ ገባች፤ በኋላም ቺሊ ኖራ በ2002 አረፈች። እኔ በመሐረብ ጠቅልዬ ሦስት ሳምንት ያስቀመጥሁት ያው ነገር፣ እርሷ በገዛ እጇ ከጎሽ ሆድ ያወጣችው ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ባጭሩ ላውሳ። በ1936 ረጅም ሰዓት የሚሠራ ኢንሱሊን ስለ መጣ የመርፌው ብዛት ቀነሰ። ከጦርነቱ በኋላ ተጠቅመው የሚጥሉት የፕላስቲክ ስሪንጅ መጣ፤ በ1985 ደግሞ እንደ ብዕር የተሠራው። መርፌው እያጠረና እየቀጠነ ሄዶ የብዕሩ ዛሬ 4 ሚሊ ሜትር ደርሷል። ኢንሱሊኑ ራሱ ለ60 ዓመት ከከብትና ከአሳማ ቆሽት ነበር የሚወጣው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አሳማ በማይበላበት አገራችን ይህን ሰምተው የሚሳቀቁ አሁንም አሉ። ከ1982 ጀምሮ ግን ከሰው ኢንሱሊን ጋር አንድ የሆነው በባክቴሪያ እየተሠራ ይሸጣል፤ በዚህ ምክንያት የምትሠጉ ብልቃጡን ለፋርማሲስቱ አሳይታችሁ ጠይቁ።

ወደ አገራችን ስመለስ አክስቴን መጨረስ አለብኝ። ከሆስፒታል ወጥታ ሁለት ዓመት ኖረች። መወጋትን ማንም አላስተማራትም፤ እርሷም «እኔ ማን ነኝና?» ትል ነበር እንጂ አልጠየቀችም። ድሬሰሩ ወደ ሌላ አውራጃ ሲዛወር በእርሱ ቦታ የመጣው ሰው በየቤቱ መዞር አልወደደም። ጤና ጣቢያው ሩቅ ነው፤ እርሷም እግሯ ቆስሎ ነበር። አንድ ቀን ሄዳ ሁለት ቀን ትቀራለች። በዚያው ዓመት በጾመ ፍልሰታ አረፈች። ዕድሜዋ ዛሬ ከእኔ በ12 ዓመት ያንስ ነበር። ለቅሶ ላይ «ስኳር ገደላት» ተባለ፤ ሌላ ምን ይባላል?

በ1984 የኢትዮጵያ የስኳር ሕመምተኞች ማኅበር ተመሠረተ። በጎንደርና በጂማ ደግሞ የሆስፒታል ሐኪሞች፣ ገበሬው ለአንድ ብልቃጥ ብዙ ሰዓት በእግርና በአውቶቡስ ሲንገላታ ዓይተው፣ የጤና ጣቢያ ነርሶችን እያሠለጠኑ ክትትሉን ወደ ገጠሩ አወረዱት። ነርሷ ታስተምራለች፣ ሕመምተኛው ቤቱ ሄዶ ራሱ ይወጋል። የጆስሊን ተዘዋዋሪ ነርሶች በሠሩት መንገድ ማለት ነው፤ ከሰባ ዓመት በኋላ። ፍሪጅ በሌለበት ቤት ብልቃጡ ውኃ በሚያላበው የሸክላ ዕቃ ውስጥ በቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጣል። ይህንን እናቶቻችን ለቅቤ ያውቁበታል።

የእኔን ጉዳይ ያስጨረሰችው ጎረቤቴ ናት። ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት፤ 11 ዓመት ኢንሱሊን ስትወጋ በግድግዳ እየተዋሰንን አላወቅሁም ነበር። ምንም አላብራራችልኝም። ቡና ጠርታኝ፣ ቆሎው ቀርቦ፣ ቀሚሷን ከእምብርቷ ወዲያ ገለጥ አድርጋ ቆንጠጥ አደረገችና ወጋች። አሥር ሲቆጠር አልቋል። ከዚያ ስሪንጁን ውኃ ሞልታ ብርቱካን ሰጠችኝ። ብርቱካኑን አሥራ አምስት ጊዜ ያህል ወጋሁት። በማግሥቱ በራሴ ሆድ ላይ ስሞክር እጄ ተንቀጠቀጠና ዓይኔን ጨፈንሁ። «ዓይንሽን ክፈቺ እንጂ! ሽንኩርት ስትከትፊ ዓይንሽን ትጨፍኛለሽ?» አለችኝ። ሳቄ መጣ፤ እየሳቅሁ ገባ። የአጋም እሾህ ይብሳል። ሳልሰማ ተጨነቅሁ።

የነገረችኝን ጥቂት ነገር ላካፍላችሁ። መጠኑን የሚወስነው ሐኪም ነው፤ ጎረቤቴ የምትወስደው ለእኔ አይሆንም። ደፍረስ የሚለውን ኢንሱሊን በመዳፍ መካከል ማሽከርከር እንጂ መናጥ አያስፈልግም። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ከተወጋ ቆዳው ሥር ይጓጉላል፣ መድኃኒቱም እንደሚገባው አይሰርግም፤ ስለዚህ ዛሬ በቀኝ ከሆነ ነገ በግራ፣ ከዚያ ጭን። ከተወጉ በኋላ ምግብ መርሳት አይገባም። ላብ ላብ ካለ፣ እጅ ከተንቀጠቀጠ ወዲያው ስኳር ያለበት ነገር መውሰድ ነው፤ እኔ ከረሜላ ከቦርሳዬ አይለይም። የምትጾሙ ደግሞ ከጾሙ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ፤ መርፌውን በራሳችሁ አትተዉ። ያገለገለው መርፌ በረኪና የነበረበት ወፍራም ጠርሙስ ውስጥ ይጠራቀም፤ ቆሻሻ የሚያነሱት ልጆች እጅ አላቸውና።

የጥቅምቷን እኅታችንን በኅዳር ሁለት ሆነን ቤቷ ሄድን። ብርቱካን ይዘን፣ ጎረቤቴም አብራን። የመጀመሪያ ቀን ብርቱካኑን አልነካ አለች። በሳምንቱ ወጋችው። በሦስተኛው ሳምንት ስንሄድ በሩን የከፈተችልን የልጅ ልጇ ናት፤ «አያቴ ጠዋት ራሷ ወጋች፣ እኔ ቆጠርኩላት» አለችን። ቡና ተፈላ።

ከሚመጣው ወር ጀምሮ ስብሰባው ከመጀመሩ ከአንድ ሰዓት በፊት በገንዘብ ያዣችን ቤት እንገናኛለን። ጀማሪም፣ ለባሏ ወይም ለልጇ የምትወጋም ትምጣ። ብርቱካኑን ማኅበሩ ይገዛል፤ የተወጋው አይበላም፣ ባለፈው ጊዜ ሦስቱ ጠፍተውብናልና።